ስለ አርባ ልጆችና ስለ ቆየው ውለታ

«ብድር በምድር» የሚለው የአገር ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ክፉ የሠራ ሰው ክፋቱ ተመልሶ በራሱ ላይ ሲደርስበት ነው። ነገር ግን ተረቱ ለክፉ ብቻ የተሠራ አይደለም። በጎ ሥራም እንደ ዘር በመሬት ውስጥ ተቀብሮ ይቆይና፣ የዘራው ሰው ከሞተ፣ የልጅ ልጁም ነገሩን ከረሳው በኋላ ባልታሰበ ዘመን ይበቅላል። በኢትዮጵያና በአርመን ሕዝብ መካከል የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ታሪኩ በአንድ መነኮስ ስደት ይጀምራል፤ በኢየሩሳሌም ገዳማት በኩል ያልፋል፤ ከስድስት መቶ ዓመት ያህል በኋላም በአዲስ አበባ አደባባይ በመለከት ድምፅ ይሰማል።

በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በሠራዬ አገር ብዙ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እኩል ትከበር ብለው ያስተምሩ ስለ ነበረ፣ ይህ ነገር ከብዙዎቹ ካህናትና ከእስክንድርያ መንበር ሥርዓት ጋር አላስማማቸውም። ክርክሩ እየበረታ በሄደ ጊዜ በ1330 ዓ.ም. ገደማ ከደቀ መዛሙርታቸው ጥቂቶቹን አስከትለው ከአገራቸው ወጡ። ግብጽን አለፉ፤ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ ከዚያም በቆጵሮስ በኩል ወደ አርመን አገር ገቡ። በዚያም ዐሥራ አራት ዓመት ያህል በእንግድነት ኖረው ዐረፉ፤ መቃብራቸውም በዚያው በሰው አገር ሆነ።

አርመኖች ለእኒህ እንግዳ መነኮስ በራቸውን የከፈቱት አንደኛ በሃይማኖት ስለሚመሳሰሉ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን የተደረገውን ጉባኤ የአርመን ቤተ ክርስቲያንም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም አልተቀበሉትም፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ወገን የቆሙ እኅትማማች ናቸው። ቢሆንም የሃይማኖት አንድነት ብቻውን እንግዳን አያበላም። ቋንቋው የማይሰማ፣ መልኩ የማይመሳሰል፣ ያውም ከገዛ አገሩ ሊቃውንት ጋር ተጣልቶ የወጣ ሰው ነበር የመጣባቸው። እነርሱ ግን በአገሩ ጉባኤ ቦታ ላጣው ሰው በማዕዳቸው አጠገብ ቦታ ሰጡት። ደቀ መዛሙርቱ ወደ አገር ተመልሰው ከቀሩት ወንድሞቻቸው ጋር ገዳማትን አስፋፉ፤ ከዚሁ ወገን የሆኑት አቡነ ፊልጶስም ደብረ ቢዘንን መሠረቱ። የሰንበቱም ክርክር በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1442 ዓ.ም. ገደማ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዕርቅ ተፈጸመ። አርመኖች ያን ስደተኛ ባያስጠጉት ኖሮ ትምህርቱን ይዘው የሚመለሱ ደቀ መዛሙርት ምን በሆኑ ነበር?

ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር ሆነ። ንግሥት እሌኒ ለሕፃኑ ንጉሥ ለዐፄ ልብነ ድንግል እንደራሴ ሆነው አገር በሚጠብቁበት ጊዜ፣ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ ለመላክ አሰቡ። የመረጡትም ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነው። ማቴዎስ በመንገድ ብዙ ተንገላታ፤ ሰላይ ነው እየተባለ ተሰደበ፤ በመጨረሻ ግን በ1506 ዓ.ም. ሊዝቦን ደረሰ። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ በተመለሰ ጊዜ፣ የተላከበትን ጉዳይ ለንጉሡ ሳያደርስ በደብረ ቢዘን አካባቢ ታሞ ዐረፈ። ኢትዮጵያዊው አባት በአርመን ምድር ዐረፉ፤ አርመናዊው መልእክተኛ ደግሞ የእኒያ አባት ልጆች በመሠረቱት ገዳም ጥላ ሥር ዐረፈ። ይህን ሰው አስቦ ያደረገው አይደለም፤ ነገር ግን ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንደ ቅኔ ቤቱን ራሱ ይመታል።

የኢየሩሳሌም ነገር ከዚህ ይከብዳል። የኢትዮጵያ መነኮሳት በቅድስት ከተማ ከጥንት ጀምሮ ቦታ ነበራቸው። ነገር ግን በ17ኛው መቶ ዓመት የቱርክ መንግሥት የሚያስከፍለው ግብር ስለ በዛባቸው፣ ከአገራቸውም ርዳታ ስለ ራቀባቸው፣ ይዞታቸውን እያጡ ሄዱ፤ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ በዴር ሡልጣን ተወስነው ቀሩ። በዚያ በድህነት ዘመን የዕለት እንጀራቸውን ይሰጧቸው የነበሩ አርመኖች ናቸው። በ1830 ዓ.ም. ወረርሽኝ ገብቶ አብዛኞቹን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፈጀ ጊዜም የተረፉት የኖሩት በሰው ምጽዋት ነው። በቅዱሳት መካናት ስለ ቁልፍና ስለ ደጃፍ በክርስቲያኖች መካከል ብዙ ጠብ ነበረ፤ ከዚህም ጠብ አርመኖች ሁልጊዜ ነጻ ነበሩ ማለት አይቻልም። ቢሆንም ከገዳማቸው ወጥ ቤት ይወጣ የነበረው ምግብ የብዙ ኢትዮጵያዊ መነኮስ ነፍስ አቆይቷል። ለተራበ ሰው የተሰጠ ቁራሽ በመዝገብ ባይጻፍም ውለታነቱ አይቀርም።

በ1907 ዓ.ም. ደግሞ መከራው ወደ አርመኖች ዞረ። በዓለም ጦርነት ውስጥ የኦቶማን ቱርክ መንግሥት አርመኖችን ከየቤታቸው እያስወጣ ወደ ሶርያ በረሃ ነዳቸው፤ ወንዶቹ ተገደሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት በረኃብና በጥማት በመንገድ ላይ አለቁ። የሞቱት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ብዙዎች የታሪክ ጸሓፊዎች ይናገራሉ። ከዚህ የተረፉ እጓለ ማውታ በየአገሩ ተበተኑ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም በአርመን ፓትርያርክ ጥበቃ ሥር ተጠለሉ። ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ምግብ ይወጣበት በነበረው ገዳም አሁን የገዛ ሕዝቡ ልጆች ተርበው ተሰለፉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹን ሙዚቃ አስተማሯቸው፤ የናስ መለከትም አስይዘው አሰለፏቸው።

በሚያዝያ ወር 1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ለመጐብኘት ሲሄዱ አስቀድመው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። ጊዜውም የትንሣኤ ሰሞን ነበር። በአርመን ገዳም እነዚህ ልጆች በፊታቸው ተሰልፈው መለከት ነፉ። አልጋ ወራሹም ጨዋታቸውን ሰምተው፣ ማን እንደ ሆኑም ጠይቀው ከተረዱ በኋላ፣ ከፓትርያርኩ ፈቃድ ተቀብለው አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ሊወስዱ ወሰኑ። ልጆቹም ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ዐዲሱ ዓመት ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። መምህራቸውና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል፤ ኬቮርክ ማለት በአርመን ቋንቋ ጊዮርጊስ ማለት ነው። የከተማው ሰው ግን ስማቸውን አንድ በአንድ ለመጥራት ስለ ቸገረው ሁሉንም በአንድነት «አርባ ልጆች» አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀረ። ልጆች የሚለው ስም ቀላል ስም አይደለም። አባትና እናት ለሌለው ሰው ልጅ ተብሎ ከመጠራት የበለጠ ምን ይሰጠዋል?

የናስ መለከት በኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ ፈጽሞ ዐዲስ ነገር አልነበረም፤ ከአድዋ ድል በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከሩስያ ቄሣር የመጡ መሣሪያዎች ነበሩ። አርመኖችም ለከተማው እንግዳ አልነበሩም። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን አርመናዊ ነው፤ ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባለውም ነጋዴ ባስመጣው የእንፋሎት ተሽከርካሪ ምክንያት «የሰርኪስ ባቡር» የሚለው ስም በሕዝብ አፍ ቀርቷል። ነገር ግን እነዚህ በሥራቸውና በንግዳቸው የመጡ ሰዎች ናቸው። አርባው ልጆች የመጡት ምንም ሳይኖራቸው ነው። የያዙት በእጃቸው ያለውን ጥበብ ብቻ ነበር፤ በዚያም ጥበብ ምክንያት የመንግሥቱ ይፋ ሙዚቀኞች ሆኑ።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። የቆሎ ተማሪ ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ በበትር እየተከላከለ በማያውቀው መንደር ደጃፍ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናል። ባለቤቲቱ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ ብላ አትመረምረውም፤ ከልጆቿ ድርሻ ከፍላ ቁራሹን ትሰጠዋለች። ዓመታት ሲያልፉ ያ ለማኝ መሪጌታ ይሆናል፤ የዚያችን ሴት የልጅ ልጆች ፊደል ያስቈጥራል፤ በሞተችም ቀን በፍትሐቷ ላይ ቆሞ ያዜማል። መንደሩ ተማሪውን ያኖረዋል፤ ተማሪው ደግሞ ለመንደሩ ቃልና ዜማ ይሰጠዋል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ ግዕዙ፣ ዕዝሉና አራራዩ፣ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የተላለፈው በዚህ ዓይነት በማይታወቁ እናቶች ቁራሽ ነው። አርባውም ልጆች በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ የናስ መለከት የያዙ የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። ልዩነቱ በደጃፉ ቆሞ የተቀበላቸው መንደር ሳይሆን መንግሥት መሆኑ ነው።

በመዝሙረ ዳዊት በ136ኛው መዝሙር ወደ ባቢሎን የተማረኩ ሰዎች በባዕድ ምድር ለመዘመር እምቢ ብለው መሣሪያቸውን በዛፍ ላይ እንደ ሰቀሉ ተነግሯል። እምቢታቸው ትክክል ነበር፤ ዘምሩልን ያሏቸው የማረኳቸው ሰዎች ነበሩና። ለማራኪ መዘመር ሌላ ኀዘን ነው። በአዲስ አበባ ያሉት ስደተኞች ግን መሣሪያቸውን አልሰቀሉም። በአንድ አገር ስደተኛው ዝም ሲል በሌላው አገር የሚዘምርበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው፣ አስቀድሞ እንዴት አድርገው እንደ ተቀበሉት መጠየቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በ1918 ዓ.ም. ገደማ የሆነው ነው። ለመንግሥቱ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘጋጅ ዜማውን የደረሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ ቃሉን የደረሱት ግን ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ዮፍታሔ በጎጃም በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩ፣ ኋላም በአዲስ አበባ መምህርና የቴአትር ደራሲ የሆኑ ሰው ናቸው። አንደኛው ኖታ ጽፎ በአውሮፓ ሥርዓት ዜማ የሚያወጣ፣ ሕዝቡ የተፈጀበት እንግዳ ነው፤ ሁለተኛው ዜማውን በጆሮ፣ ቃሉን በቅኔ ቤት ያጠና የአገር ልጅ ነው። ቋንቋቸው አንድ አልነበረም። የአማርኛ ቃል በባዕድ ዜማ ላይ ሲጫን የሚጠብቀው ይላላል፣ የሚላላው ይጠብቃል፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው ቦታ ካልለቀቀ መዝሙር አይወጣም። የወጣውም መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ጊዜ ተሰማ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም የኢትዮጵያ መንግሥት መዝሙር ሆኖ ኖረ። በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቆመው የዘመሩት ልጆች፣ ዜማውን የሠራላቸው አገሩን ያጣ ሰው እንደ ሆነ የሚያውቁ ጥቂቶች ነበሩ።

ዕድልም እንደ ገና ዞረ። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቀርብ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ ሰባቸው ጋር ወጥተው መጀመሪያ ያረፉት በኢየሩሳሌም ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት እጓለ ማውታ በተቀበሉባት ከተማ ራሳቸው ስደተኛ ሆነው ገቡ። ዮፍታሔ ንጉሤም ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በዚያም በብዕራቸው ለአገራቸው ነጻነት ሠሩ። በስደተኛ እጅ የተደረሰው ዜማ በዚያን ጊዜ የስደተኞች መዝሙር ሆነ። ናልባንዲያን ሲደርሰው ይህን አላሰበም፤ ነገር ግን የሰው አገር ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ከደረሰው የተሻለ ለአገር አልባ ሰው ምን ዓይነት ዜማ ሊስማማው ይችላል?

ይህ ታሪክ ሲነገር ግን ሚዛኑ እንዳይዛባ መጠንቀቅ ያሻል። የመጡት አርባ ናቸው፤ በኢየሩሳሌምና በሶርያ የቀሩት እጓለ ማውታ ግን በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ነበሩ። እነዚህ የተመረጡት መለከት መንፋት ስለ ቻሉ ነው፤ መለከት ያልያዘው ወንድማቸው በዚያው ቀርቷል። ጥበብ ደጅ ታስከፍታለች፤ ፍቅር ግን ጥበብ ለሌለውም ደጅ መክፈት አለባት። ደግሞም በዚያው በ1916 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ባርነት እየቀረ እንዲሄድ የሚያዝ ዐዋጅ መውጣቱ፣ በኢትዮጵያ ምድር ገና ብዙ ሰዎች በሰው እጅ ተሸጠውና ተገዝተው ይኖሩ እንደ ነበር የሚመሰክር ነው። ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከባሕር ማዶ የመጣውን የሙት ልጅ በክብር የተቀበለች ከተማ፣ ከገዛ አገሯ ደቡብና ምዕራብ ተነጥቆ የመጣውን ልጅ በጓዳዋ በባርነት ታኖር ነበር። ይህን መናገር የእንግዳ መቀበሉን በጎነት አይሽረውም፤ ነገር ግን ቸርነት ሥራዋን ገና እንዳልጨረሰች ያስታውሳል። የኦሪት ሕግ ነዶው በእርሻ ሲረሳ ለመጻተኛ፣ ለእጓለ ማውታና ለመበለት ይቅር ብሎ ሲያዝ፣ ከየትኛው አገር የመጣ መጻተኛ ብሎ አልለየም፤ ምን ዓይነት ጥበብ የሚያውቅ ብሎም አልጠየቀም።

ከአርባው ልጆች አንዳንዶቹ ኋላ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፤ ሌሎቹ በኢትዮጵያ ቀርተው ትዳር መሠረቱ፤ ወለዱ፤ ሙዚቃም አስተማሩ። የአርመን ማኅበር በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ቤተ ክርስቲያኑን ሠራ። የኬቮርክ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በ1930 ዓ.ም. ገደማ መጥቶ፣ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው፣ የሙዚቃውን ክፍል በመምራት የአገሩን ዜማ ለኦርኬስትራ እንዲስማማ አድርጎ አቀናበረ። በጥር ወር 1957 ዓ.ም. የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቫዝጌንም ከመጡት አንዱ ነበሩ። ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስደት በኋላ የአርመን አባቶች በኢትዮጵያ ማዕድ ተቀመጡ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የአርመኑ ማኅበር ቍጥር እየተመናመነ ሄደ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ የቀሩት ጥቂት ናቸው። መዝሙሩም ከመንግሥቱ ጋር ቀርቷል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ከተሞች መለከትና ሳክስፎን የያዘ ሙዚቀኛ በቆመበት ሁሉ፣ አስተማሪውን ያስተማረው ሰው ሲቈጠር መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ እነዚያ ልጆችና ወደ መምህራቸው ይወስዳል። የውለታው ሒሳብ በዚህ ተዘጋ የሚል ካለ ተሳስቷል፤ የእንግድነት ሒሳብ የሚዘጋ አይደለም። አንዱ ሲከፍል ሌላው ተበዳሪ ይሆናል፤ አርመን ለኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያ ለአርመን፣ ደግሞም ሁለቱም ነገ በደጃፋቸው ለሚቆመው ለማያውቁት ሰው። ያ ሰው ሲመጣ መለከት ይዞ ይምጣ ወይም ባዶ እጁን ይምጣ፣ ደጃፉን የሚከፍትለት ሰው ልጅ ብሎ ቢጠራው፣ በአርመን ምድር ያረፉት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ውለታ ለዚያን ቀን ተከፈለ ይባላል።